«ተደርጓል» የሰነጠቀው ሞተር

በዚህ ገጽ አዘውትሬ የምጽፈው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ሹማምንት አነጋገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን በብርድ ስለተሰነጠቀ አንድ የጀልባ ሞተር ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ሰውየው የሚጽፈው አጣ እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አላጣሁም። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ያህል የዘገየሁት፣ ጥፋተኛው ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ጸሐፊው ስለሆነ ነው። የሌላውን ጥፋት መጻፍ እንዴት ቀላል እንደሆነ ከዚህ ገጽ በላይ ምስክር አያሻም።

የምኖረው በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። ግዛቲቱ በመኪና ታርጋዋ ላይ «የ10,000 ሐይቆች ምድር» እያለች ትኩራራለች፤ ከ10 ኤከር በላይ ስፋት ያላቸው ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ናቸው። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ተወልጄ፣ በደንገል ታንኳ ላይ ሆነው ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ሰዎችን ስመለከት ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ውኃ መካከል እየኖርኩ አንድም ቀን ከዳር ሳልርቅ ዐሥር ዓመት ማለፉ ይቆጨኝ ነበር።

ቁጭቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። በእቁባችን ውስጥ አራት ሰዎች በዚህ ነገር ተግባባን። አንዱ በከባድ መኪና ከግዛት ግዛት ጭነት የሚያመላልስ ወዳጄ ነው። አንዷ በሆስፒታል ሌሊት የምትሠራ ነርስ ናት። ሦስተኛው ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የመርከብ ሞተር ክፍል ምጽዋ ላይ ያገለገሉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። አራተኛው እኔ። እያንዳንዳችን 1,500 ዶላር አዋጥተን፣ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ 19 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ በ6,000 ዶላር ገዛን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተባብለን ተመራረቅን። ሎሚውን ግን ማን ይጠብቀዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ያ በጋ ከስደት ዘመኔ ሁሉ የተሻለው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሑድ እሑድ ሚኒቶንካ በሚባለው ሐይቅ ላይ እንውላለን። የግዛቲቱ መለያ የሆነውን ዎልአይ የተባለ ዓሣ እናጠምዳለን፤ ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ ነርሷ ያመጣችውን ዳቦ በሻይ እየበላን እናወራለን። ጋሼ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምተው ጤንነቱን ይናገራሉ። ለዓመታት ስለ ምጽዋ አንድም ቃል ተንፍሰው የማያውቁት ሰው፣ በዚያች ጀልባ ላይ ማውራት ጀመሩ።

አሁን ወደ ሞተሩ ልግባ። የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በራዲያተር ውስጥ በሚዞር የራሱ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም እንዳይረጋ ፀረ በረዶ ይጨመርበታል። የእኛን የመሰለ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውኃ ነው። ፓምፑ ውኃውን ከሐይቁ ይስባል፣ በሞተሩ ብሎክና በጭስ ማውጫዎቹ ዙሪያ ያዞረዋል፣ መልሶም ይተፋዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ውኃው ሁሉ አይወጣም፤ በብሎኩ ጓዳዎች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም ውኃውን ራሱ ያፈስሳል፤ የእኛው ግን ሰው ካላፈሰሰለት አያፈስስም።

ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብሎኩ ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት ነው፤ ሸክም ይችላል እንጂ መለጠጥ አያውቅም። ውስጡ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥና መውጫ ሲያጣ፣ ከሁለቱ አንዱ ይሸነፋል፤ የሚሸነፈውም ሁልጊዜ ብረቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በጣም ርካሽ ነው። በእኛ ሞተር ላይ አራት ቡሎኖች አሉ፤ ሁለቱ በብሎኩ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከጭስ ማውጫዎቹ ሥር። እነዚህን መፍታት፣ ዝገትና አሸዋ ቀዳዳውን ደፍኖት እንደሆነ በቀጭን ሽቦ መጎርጎር፣ ዋናውን የውኃ ቱቦ ከታች ነቅሎ ማፍሰስ፣ በመጨረሻም መርዛማነቱ አነስተኛ የሆነውን ሮዝማ ፀረ በረዶ መጨመር ነው። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

በመስከረም ማብቂያ ላይ ጀልባዋን ከውኃ አውጥተን በነርሷ ቤት ጓሮ አቆምናት። ያን ዕለት ሾፌሩ ወዳጄ «ውኃውን እኔ አየዋለሁ» አለ። ቃሉ ይህ ነው፤ «አየዋለሁ»። በማግስቱ ጭነት ይዞ ወደ ቴክሳስ ሄደ። ነርሷ ጀልባዋ በጓሮዋ በሸራ ተሸፍና ስታያት ሁሉም ነገር ያለቀ መሰላት። እኔ ደግሞ በትምህርት ዘመኑ ሩጫ ውስጥ ገባሁ።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ አንድ ማታ ጋሼ ደወሉ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር።

«ዶክተር፣ የጀልባዋ ነገር እንዴት ሆነ? ብርዱ ሊጠና ነው እያሉ ነው። ካልተደረገ ነገ ጠዋት ሄጄ እኔው ላፍስስላት።»

«አይጨነቁ ጋሼ፣ ተደርጓል» አልኳቸው።

«ተደርጓል?»

«አዎ፣ ተደርጓል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ።

ልብ በሉልኝ። ውሸት ለመናገር አስቤ አልነበረም። ሾፌሩ «አየዋለሁ» ብሎ ስለነበር አይቶታል ብዬ ገመትኩ፤ ግምቴንም እንደ እውቀት አድርጌ አስተላለፍኩ። ስልክ አንሥቶ ሾፌሩን መጠየቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ግን አላለቀም። ከሁላችንም ይልቅ ሥራውን የሚያውቁት፣ ሊሠሩትም በእጃቸው የነበሩት ሰው፣ በእኔ አንዲት ቃል ምክንያት ቤታቸው ቀሩ። ከሳምንት በኋላ ሙቀቱ ሌሊቱን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ወረደ። እኔም በሙቅ ክፍል ውስጥ ተኝቼ አደርኩ።

ሚያዝያ ላይ፣ የዓሣ ማጥመጃው ወቅት ከመከፈቱ በፊት ተሰብስበን ሸራውን ገለጥን። ሾፌሩ የቤቱን የውኃ ጎማ ከሞተሩ መሳቢያ ጋር አገናኘና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ አጨበጨብን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ከጀልባዋ ወለል ሥር የውኃ መንጠባጠብ ተሰማ። ጋሼ «አጥፋው!» ብለው ጮኹ። መብራት ይዘው ጎንበስ አሉና በብሎኩ ጎን ላይ እጃቸውን አስኬዱ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ለሁላችንም አሳዩን። ዘይቱ ዘይት መሆኑ ቀርቶ ቡና በወተት መስሏል። ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ማንም አልተናገረም። ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚህ በኋላ «እንጠግነው ወይስ እንለውጠው?» የሚለው ክርክር ተጀመረ። ሾፌሩ በብሎኩ ላይ ያሉት ትንንሽ ክብ መድፈኛዎች በብርድ ጊዜ ተፈናጥረው ብሎኩን ያድናሉ ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ ችግሩ እነሱ ዘንድ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። መድፈኛዎቹ ግን የተሠሩት ለዚያ አይደለም፤ ብሎኩ ሲቀዳ ውስጡን ቅርጽ ያስያዘው አሸዋ የወጣባቸውን ቀዳዳዎች ለመዝጋት ነው። አንዳንዴ ይፈናጠራሉ፣ አንዳንዴ ብሎኩ ይቀድማቸዋል። የእኛው ቀድሟቸዋል።

መካኒኩ ዘይቱን ቶሎ አፍስሶ፣ በውኃው መሄጃ ውስጥ አየር ሞልቶ በግፊት መረመረው። ሁለት ስንጥቅ አገኘ። አንደኛው በውጭ በኩል፣ የስንዝር ያህል የሚረዝም፣ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው። ሁለተኛው ከላይ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር በተሸፈነው ሸለቆ ውስጥ የተደበቀ ነው። «የውጪው ቢሆን ኖሮ ብቻውን፣» አለን መካኒኩ፣ «በብረት ማጣበቂያ ደፍኜ ጥቂት ዓመት ልታገለግላችሁ ትችል ነበር። ዘይቱን ያበላሸው ግን የማይታየው ነው።»

አማራጮቹን በየተራ ዘረዘረልን። ብየዳ ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ብረት ከመበየዱ በፊት በሙሉ መሞቅ፣ ከተበየደ በኋላም በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት፤ ያለዚያ ከብየዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ይፈጠራል። ያለ እሳት፣ ስንጥቁን ተከትሎ እየበሱ ጥርስ ባላቸው የብረት ካስማዎች መስፋትም አለ፤ ይህ ግን ምትክ ለማይገኝላቸው ሞተሮች የሚያዋጣ ጥበብ ነው። በፋብሪካ የታደሰ ሞተር መግዛት ከጀልባዋ ዋጋ ሊበልጥ ነው። ሾፌሩ «ይህ እኮ የጄኔራል ሞተርስ 4.3 ሊትር ነው፤ ሼቭሮሌ አስትሮ ላይ ያለው አይደል? ከወደቀ መኪና እንውሰድ» አለ። ዘሩ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የመኪና ሞተር ማስነሻና ዲናሞ አንዲት ብልጭታ ብታወጣ ጀልባዋ ከነሰዎቿ ትነዳለች። ለጀልባ የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ክፍሎች ብልጭታ እንዳያወጡ የታሸጉት ለዚህ ነው። የመጨረሻው አማራጭ አካሏ ከተበላሸ ሌላ ጀልባ ላይ ደኅና ሞተር መግዛት ነበር። የመድን ውላችንን አነበብኩ፤ በብርድ የመጣ ጉዳትን እንደማይሸፍን በግልጽ ተጽፏል።

በነርሷ ቤት ሳሎን ተሰብስበን መከርን። እኔ ሞተሩ ይለወጥ ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩ። ያለፈውን ከመቆፈር ወደፊት ማየት እንደሚሻል፣ አሮጌ ብረት መጠጋገን ትርፉ ድካም እንደሆነ ተናገርኩ። ነርሷ ጣልቃ ገብታ «መጀመሪያ ግን ውኃው ለምን ሳይፈስስ ቀረ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ፤ መግባባትም ጎድሎ ነበር» አልኩ። ዐረፍተ ነገሬን ተመልከቱት። ብርዱ መጣ። መግባባት ጎደለ። ሰው የለበትም።

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ ዶክተር ማለታቸውን ትተው፣ «በመርከብ ላይ ተራ ስንቀያየር ‹ተደርጓል› የሚባል ቃል አይሠራም ነበር። ‹አድርጌአለሁ› ነው የሚባለው። ካላደረግህም ‹አላደረግሁም› ትላለህ፤ የሚረከብህ ሰው እንዲያደርገው። ‹ተደርጓል› ብሎ ያስረከበ ሰው የሞተሩን ክፍል ለማንም አላስረከበም። አዲስ ሞተር እንግዛ፣ እኔም ድርሻዬን እከፍላለሁ። ግን በዚያ ቃል ከቀጠልን እሱንም ለመጪው ኅዳር ነው የምንገዛለት።»

ለመገሠጽ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ስልክ መደወላቸውንም፣ እኔ የመለስኩላቸውንም ለሰው አልተናገሩም። ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ለእኔ ትተውልኝ ሻያቸውን አነሡ።

የማስተምረው ትምህርት የጋራ ሀብት አስተዳደርን ይጨምራል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችውን የኤሊኖር ኦስትሮምን ሥራ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እተነትናለሁ። ሰዎች የጋራ የግጦሽ መሬታቸውንና የመስኖ ውኃቸውን ሳያጠፉት ለዘመናት ሊይዙት የሚችሉት፣ ማን ምን እንደሚሠራ ሲታወቅ፣ የሚቆጣጠርም ሲኖር ነው ትላለች። ይህን ለማወቅ እንኳ ኦስትሮም አታስፈልገንም ነበር፤ እቁባችን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ያቀርባል። ያንኑ እቁብ የምንጥል አራት ሰዎች ጀልባዋን የገዛናት ያለ ዳኛ፣ ያለ ጸሐፊ፣ ያለ ዋስ ነበር። ዶክትሬቴ በዚያች ማታ አላዳነኝም።

ተናገርኩ። «ጋሼ ደውለው ጠይቀውኝ ነበር። ሳላጣራ ‹ተደርጓል› አልኳቸው። ሊያፈስሱት ሲነሡ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ሾፌሩም «‹አየዋለሁ› ብዬ ያላየሁት እኔ ነኝ» አለ። ነርሷ ሁለታችንንም አየችንና «እኔም በመስኮቴ በየቀኑ እያየኋት አንድ ቀን አልጠየቅሁም» አለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ስለ ሞተሩ መወሰን ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሲያከራክረን የቆየው ብረቱ አልነበረም ማለት ነው።

ያገለገለ ሞተር በ1,900 ዶላር ገዛን። ጭስ ማውጫዎቹም ተሰንጥቀው ስለነበር አዲስ አስገባን። ከአሮጌው ሞተር ደኅናውን ማስነሻ፣ ዲናሞና ካርቡሬተር አውጥተን ወደ አዲሱ አዛወርን። የመካኒኩ ዋጋ ሲጨመር 4,200 ዶላር ወጣ። ከዚህ ውስጥ ግማሹን እኔ ልክፈል ብዬ ለመንኩ፤ ሾፌሩ «ከአንተ አንሼ አልገኝም» አለ፤ በመጨረሻ እኔና እሱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈልን። ጋሼ ቅናሽ አንቀበልም ብለው ድርሻቸውን ሙሉ ሊከፍሉ ሲሉ ነርሷ ተቆጥታ አስቆመቻቸው።

ይህ ገጽ የፖለቲካ ገጽ ነውና አንዲት ነገር ብል አትቀየሙኝም። ከ1923 እስከ 1987 ዓ.ም. ባሉት 64 ዓመታት ኢትዮጵያ አራት ጊዜ ሕገ መንግሥት ተጽፎላታል፤ በ1923፣ በ1948፣ በ1979 እና በ1987። ዛሬም «ይሻሻል ወይስ ይለወጥ?» የሚለው ክርክር አላባራም፤ እኔም በዚህ ገጽ ስከራከር ኖሬአለሁ። ሞተርና አገር አንድ አይደሉም፤ ምሳሌውን ከሚችለው በላይ ልጭነው አልሻም። ከዚያች ማታ ወዲህ ግን የሹማምንትን መግለጫ ሳነብ ዓይኔ ግሡ ላይ ይቀራል። «ስሕተት ተፈጽሟል።» «ጉድለት ታይቷል።» «ትምህርት ተወስዷል።» ማን ፈጸመ? ማን አየ? ማን ወሰደ? ቀድሞ ይህን የምጠይቀው እነሱን ብቻ ነበር። አሁን የራሴን የቆዩ ጽሑፎች ስመለከት፣ እኔም የተሳሳትኩባቸውን ትንበያዎች «እንደተጠበቀው አልሆነም» ብዬ እንዳለፍኳቸው አያለሁ። የጠበቅሁት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ጥቅምት ጀልባዋን ስናወጣ አራታችንም ተገኝተናል፤ ሾፌሩ ጭነቱን በሁለት ቀን አዘግይቶ፣ ነርሷ ከሌሊት ሥራ ሳትተኛ መጥታ። ቡሎኖቹ አራት ናቸው፣ እኛም አራት ነን። እያንዳንዳችን አንዳንድ ፈታን፣ ቀዳዳውን በሽቦ ጎረጎርን፤ ጋሼ የሚወርደውን ውኃ በመብራት እየተመለከቱ «ገና ነው፣ ጎርጉረው» ይሉኝ ነበር። እኔ ዘንድ የደረሰው በግራ በኩል ያለው ሲሆን፣ ደለል ደፍኖት ስለነበር ለብዙ ደቂቃ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ሲወርድ ዝገት የመሰለ ውኃ እጅጌዬን አራሰኝ።

ከዚያ አራቱን ቡሎኖች በአንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርገን፣ ከረጢቷን በሞተሩ ቁልፍ ላይ አሰርናት። ማንም ሰው ከረጢቷን ሳይፈታ ሞተሩን ሊያስነሣ አይችልም፤ ማንም ሰው ቡሎኖቹን ሳያሳይ ሥራው አልቋል ሊል አይችልም። በዚህ ዓመት ቁልፉን እንዲይዝ የተመረጠው እኔ ነኝ። ያቀረቡኝ ጋሼ ናቸው።

ኅዳር ሲገባ፣ የመጀመሪያው ብርድ ሊወርድ በተባለበት ማታ ስልኬ ጮኸ።

«ዶክተር፣ የጀልባዋስ ነገር?»

«አፍስሻታለሁ ጋሼ። ቡሎኖቹ ከፊቴ ናቸው፣ አራት።»

«ቁጠራቸው እስቲ።»

ቆጠርኩላቸው።

ቸር ይግጠመን።